የውሰት ጎማ

ሰኞ፣ ጥር 18፣ ከዙህር በኋላ
ልብስ ሳሰጣ ልጄ ሰዓዳ ደወለች። ለረመዳን መካ ለዑምራ ልትልከኝ ነው፤ ቲኬቱ ተቆርጧል። አልሃምዱሊላህ። ልጅ ይውጣልሽ ማለት ይኼ ነው። ጎረቤቱን ሁሉ ዞሬ ነገርኩ። ተመልሼ ስቀመጥ ግን ነገሩ ገባኝ። ለካ በአውሮፕላን ነው። ከመኪና በቀር ምን ላይ ወጥቼ አውቃለሁ?

ረቡዕ፣ ጥር 20
እንቅልፍ የለም። ሰዓዳ ላጽናናሽ ብላ አባሰችው። አዲስ አበባ የምትሠራበት መሥሪያ ቤት የትልልቅ አውሮፕላኖችንና የሞተራቸውን የደህንነት ማረጋገጫ ደንብ እያደሰ ነው፤ እሷም አለችበት። አሮጌው አይበቃም አለችኝ። ታዲያ እስከ ዛሬ በአሮጌው ነው ሰው የሚጭኑት? ያ ረቢ። አዮ፣ ሂን ሶዳቲን አለችኝ፣ በኦሮምኛችን እማ፣ አትፍሪ ማለቷ። ፍርሃት በቃል የሚተው መሰላት።

ሐሙስ፣ ጥር 21፣ ጠዋት
ምላሴ ጉድ ሠራኝ፣ ማስታወሻዬ። አውሮፕላን ሠሪዎቹ ለፈተናው ቀን ደህና ሞተር ቢዋሱስ፣ አባትሽ ለቦሎ ከአሊ ጎማ እንደሚዋሰው? አልኳት ሰዓዳን በስልክ። የምትስቅ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን አባባ አሁንም ይዋሳል እንዴ? አለች።
ይዋሳል። መርማሪው አይቶ ቦሎውን ይሰጣል፣ ማታውኑ ጎማው ለአሊ ይመለሳል፣ የተላጨው የኛው ይገባል። አሊም በተራው ለራሱ ሚኒባስ ከኛ መስታወት ይወስዳል። ከሚሴ ውስጥ ያላደረገው ማን አለ? ሚኒባሱ እንጀራችን ነው።
አዲሱ ደንብ ምን እንደሚል ያን ጊዜ ነገረችኝ። ተደብቆ የተቀመጠ ብልሽት አለ፣ ማንም አያየውም፤ ሌላ ሲደረብበት ነው የሚገድለው። ሠሪው ሁለቱ ቢገናኙም አውሮፕላኑ እንደማይወድቅ ማሳየት አለበት። ስለ አውሮፕላን ነበር የምታወራው። እኔ የእጅ ፍሬናችን ትዝ አለኝ። ከሞተ ቆየ፤ ባሌ ሲያቆም ጎማው ሥር ድንጋይ ያስደግፋል።

አርብ፣ ጥር 22
ከጁምዓ ሲመለስ ለባሌ ለሁሴን ነገርኩት። ሳቀብኝ። "ሴትዮ፣ አልፏል እኮ! ቦሎው መስታወቱ ላይ ነው፣ ሂጂ እይው።" ያለፈውማ የአሊ ጎማ ነው አልኩት። ገና ሳትበሪ ጆሮሽ ደነዘዘ ብሎኝ ተኛ።
ነገ የሙሽራ አጃቢ ጭኖ ደሴ ነው። ልጆች አሉበት። ሲመለስ የደሴን ቁልቁለት የእግር ፍሬኑ ብቻውን ነው የሚይዘው። እሱም እንቢ ቢል? የአውሮፕላኑ ፍርሃት የት እንደገባ አላውቅም።

አርብ፣ ከአስር ሶላት በኋላ
አሊን ለምኜዋለሁ፣ አጃቢውን እሱ ይወስዳል። የኛው ሚኒባስ ፍሬኑ ሳይሠራ፣ የራሱን ጎማ ሳያገኝ ከግቢ አይወጣም። ቁልፉ መቀነቴ ውስጥ ነው።
ሁሴን ተነሳ። ኪሱን ይዳብሳል። አንቺ፣ ቁልፉን አይተሻል? ይላል። አላየሁም አልልም። አሁን ወጥቼ፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው፣ ፍሬኑ ሳይሠራ አልሰጥህም እለዋለሁ።