ባሕር ስለተዘጋላት ባልደረባችን ስለ አሌሲ ቱይናሳው ዕረፍት

የምሥራቅ ደሴቶች የባሕርና የዱር ሕይወት ጥበቃ ማኅበር የመስክ ባለሙያ የነበሩት ወ/ሪት አሌሲ ቱይናሳው፣ በደንጊ ትኩሳት ለአራት ቀናት ታመው እ.ኤ.አ. ማርች 4 ቀን 2025 በሃያ ስድስት ዓመታቸው ማረፋቸውን ለአባላት፣ ለሠራተኞችና ለፊጂ ሕዝብ የምናሳውቀው በከባድ ሐዘን ነው። መግለጫው አሥራ ዘጠኝ ቀን ዘግይቷል። የዘገየው ቦርዱ ምን ማለት እንዳለበት ስላልተስማማ ነው፤ አሁንም በሙሉ ልብ አልተስማማም።

አንቱታውን እዚህ ላይ እናቆማለን። ቢሮ ውስጥ አንቱ ያላት ሰው አልነበረም፤ ብትሰማንም ትስቅብን ነበር። በየቀኑ የምትጠልቅ ልጅ ስለሆነች ባሕር እንዳይወስዳት ስንሰጋ ትንኝ ወሰደቻት። ይህ እስካሁን አልገባንም።

አሌሲ በናኮሮሌካ መንደር ተወለደች። እናቷ ወ/ሮ ሎሳሊኒ መንደሩ ፊት ለፊት ባለው፣ ዓሣ በሚሰፍርበት የኮራል ዐለት ላይ መረብ እየጣሉ ብቻቸውን አሳደጓት። በ2020 በባሕር ሳይንስ ተመርቃ ማኅበራችንን ተቀላቀለች።

በ2021 የባሕር ኤሊዎች እንቁላል የሚጥሉባቸውን ሦስት ዳርቻዎች ለይታ አስጠበቀች። የኤሊ ሥጋ የሚወዱ ሁለት አጎቶቿ በዚህ አኩርፈዋት ነበር፤ በቀብሯ ላይ ግን ከሁሉ በላይ ያለቀሱት እነሱ ናቸው።

በ2022 የመንደሯ ኮራል ለአምስት ዓመት ዓሣ እንዳይጠመድበት የሚጠይቅ ጥናት አቀረበች። ማኅበሩም ጥያቄውን ለመንደሩ አለቃ ለራቱ ሴሜሳ በደብዳቤ ላከ። ያንጎና የሚባለውን የመጠጥ ሥር ሳይዙ አለቃን መለመን ነውር እንደሆነ አሌሲ ነግራን ነበር። እኛ ማኅተም ይበቃል አልን። ደብዳቤው ሳይከፈት ተመለሰ፤ በ2024 ደግመን ስንልክም እንዲሁ። ጥፋቱ የእሷ ሳይሆን የማኅበሩ ነው። ሐሳቡን አጥብቀው ከተቃወሙት መካከል ደግሞ እናቷ ቀዳሚዋ ነበሩ። "ቢሮሽ ዓሣ ሲቆጥር እኔ ምን ልብላ?" ይሏት እንደነበር ራሷ እየሳቀች ታወራን ነበር።

በተቀበረች ማግሥት ራቱ ሴሜሳ በኮራሉ ጫፍ ላይ የኮኮናት ቅጠል የታሰረበት እንጨት አስተከሉ። ባሕር እንዲህ ለመቶ ሌሊት ዓሣ እንዳይጠመድበት የሚዘጋው አለቃ ሲሞት ነው። ለዓሣ አጥማጅ ልጅ ሲዘጋ አይቻለሁ የሚል ሽማግሌ በመንደሩ አልተገኘም። በሁለት ደብዳቤ ያጣነውን፣ ማንም ሳይለምን በአንድ ጠዋት አገኘነው። የዚህ መግለጫ የመጀመሪያ ረቂቅ ይህንን "የማኅበሩ ጥረት ፍሬ" ብሎት ነበር። ሬሳዋን ከሆስፒታል ያሻገሩት ጀልባ ነጂያችን አቶ ማናሳ አንብበውት፣ "ይሄን ከጻፋችሁ የጀልባውን ቁልፍ ተረከቡኝ" አሉ። ሰረዝነው። ደስ ብሎን ይሁን አዝነን የተሰበሰብነው ግን አልለየልንም።

ባለፈው ሳምንት የያንጎናውን ሥር ይዘን፣ ከምንጣፉ ላይ ተቀምጠን፣ ኮራሉ ከመቶው ሌሊት በኋላም ተዘግቶ እንዲቆይ ለመንን። ራቱ ሴሜሳ ሥሩን ተቀበሉ። ከዚያም እንዲህ አሉ፦ "የዘጋነው ለልጅቷ ነው፤ ለእናንተ አይደለም። መጀመሪያ መረብ የምትጥለው እናቷ ናት። እሷ ሳትጥል ማንም አይጥልም፤ መቶ ሌሊትም ይሁን መቶ ዓመት።"

ከአለቃው ቤት ወጥተን ወደ ወ/ሮ ሎሳሊኒ ሄድን። ከዚያ ኮራል በቀር መተዳደሪያ የላቸውም። ሰሞኑን ጎረቤት የሚያመጣላቸውን ካሳቫ እየቀመሱ ነው የሚውሉት። መረቡ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው።

"ልጄ አትጣይ እያለችኝ ስጥል ኖርኩ" አሉን። "አሁን እናንተ መቼ እንደምጥል ትጠይቁኛላችሁ። ልቤ ሲረጋ እጥላለሁ። መቼ እንደሆነ እንጃ።"

ተሰናብተን ወጣን።

ማኅበሩ ኮራሉ ሳይከፈት እንዲቆይ ይፈልጋል። አሌሲም በአጭር የሥራ ዘመኗ ከሁሉ በላይ የለፋችው ለዚሁ ነው። ለባልደረቦቿ፣ ለአጎቶቿና ለናኮሮሌካ መንደር ነዋሪዎች ብርታትን እንመኛለን። ለእናቷ ለወ/ሮ ሎሳሊኒ ግን ቶሎ መጽናናትን እንመኛለን፤ ምን እየተመኘን እንደሆነ እያወቅን።