በሦስቱ ግድቦች ሥር ስለታገዱት ዓሦች

ሐረር፣ ሐምሌ 11 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለክቡር የአውራጃው አስተዳዳሪ
ሐረር

ጉዳዩ፦ ዓሣ ወደ ላይ እንዲወጣ የግድብ በሮች በክረምት እንዲከፈቱ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች በሸዋ በር ገበያ ዓሣ ጠብሼ በመሸጥ የምተዳደር፣ የሟች ሃምሳ አለቃ ለገሠ ባለቤት ነኝ። ዓሣውን ሐኪም ከሚባለው ተራራ በታች ካለው ወንዝ አጥምደው የሚያመጡልኝ የጀጎሉ አቶ ዓብዱላሂ ናቸው።

2. ዓሣው ክረምት ሲገባ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ላይኞቹ ኩሬዎች ይወጣል። ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን ግራዝማች ሥራዬ የተባሉ ባለርስት ለብርቱካንና ለጫት እርሻቸው ሦስት የመስኖ ግድብ አሠርተው ወንዙን ዘጉት። መስኖውን አልቃወምም፤ በበጋ ይጠቀሙበት። ነገር ግን ዝናቡ ራሱ እርሻውን በሚያጠጣበት በሐምሌና በነሐሴ በሩ ለምን እንደሚዘጋ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

3. ይህንኑ ለእርሻው ኃላፊ ለአቶ ጌታቸው ሁለት ጊዜ አመልክቼ ነበር። «ሴትዮ፣ ለዓሣ በር ከፋች ልሁን? ሌላ ነገር ጥበሺ» ብለው ሠራተኞቻቸውን አሳቁብኝ።

4. ሐምሌ 3 ቀን ጠዋት ከአቶ ዓብዱላሂ ጋር ወደ ታችኛው ግድብ ወረድን። እንቁላል የያዙት ዓሦች ግንቡን በራሳቸው እየመቱ ይወድቃሉ። ድንጋይ ላይ የሞቱት ሆዳቸው ፈርጦ እንቁላሉ ተበትኗል። ዓሣ ሻጭ ነኝ፤ የሞተ ዓሣ አያስደነግጠኝም። ያን ቀን ግን አለቀስሁ። አቶ ዓብዱላሂ «ወላሂ ገላነሽ፣ እነዚህ ካልወጡ ለከርሞ ዓሣ የሚባል አናይም» አሉኝ። ቀሚሴን ሰብስቤ ውኃው ውስጥ ገባሁና የግድቡን በር ሳንቃዎች መንቀል ጀመርሁ። «ተይ፣ ያስሩሻል!» አሉኝ፤ ጥቂት ቆይተው ግን እሳቸውም ገቡ። ውኃው ሲለቀቅ ዓሦቹ እግሬን እየገጩ አልፈውኝ ወጡ።

5. በዚህ ምክንያት ሁለት ቀን ታሰርሁ። ስለቀቅ «ሁለተኛ ግድቡ ዘንድ አልደርስም ብለሽ ፈርሚ» ተባልሁ፤ አልፈረምሁም። ሳንቃውን የነቀልሁት እኔ ነኝ፤ ምስክር መቁጠር አያሻም። ከተከሰስሁ ግን ወንዙን ለግራዝማች ማን እንደ ሰጣቸው በዚያው ችሎት ይጠየቅልኝ።

ስለዚህ ሦስቱም በሮች በየዓመቱ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ እንዲከፈቱ፣ በየግድቡም ጎን ዓሣ የሚወጣበት የድንጋይ ቦይ እንዲሠራ ትእዛዝ ይስጡልኝ ዘንድ አመለክታለሁ።

ይህን ጽሑፍ ለመዝገብ ቤት እንዳስረከብሁ ወደ መካከለኛው ግድብ እወርዳለሁ። ዓሦቹ እዚያ ደርሰው ቆመዋል። የሚፈልገኝ ዘበኛ ቢኖር እዚያው ያገኘኛል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ገላነሽ አባይነህ
(ፊርማ)