ባለቤቴን ያላመማት ወገብ

ለተከበሩ የጉዞ ጤና መድን ድርጅት ሥራ አስኪያጅ፣

ክቡር ሆይ፣ ከነመላ ቤተሰብዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናውን አብዝቶ ይስጥልኝ፤ በተለይም የወገብ ጤና ይስጥልኝ፤ ምክንያቱን ከዚህ በታች እገልጻለሁ።

እኔ ከገበያው ጀርባ የምሠራ ልብስ ሰፊ ነኝ። ልጃችን በሰው አገር የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስለነበር፣ እናቷ ምጥ ሳይቀድማት እንድትደርስላት፣ ቪዛ ሰጪዎቹም ያለ ጤና መድን ወይ ፍንክች ስላሉ፣ ወደ ድርጅትዎ መጥተን ከቀረቡልን ውሎች መካከል «ሙሉ ሽፋን» የሚለውን መረጥን። ስለ መስተንግዶው ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ቅሬታዎቼ ግን ጥቂት ናቸው።

1ኛ. መዝጋቢዋ ከወንበሯ ስትነሳ ወገቧን ይዛ አቃሰተች። ባለቤቴ ደግሞ ሰው ሲያቃስት ሰምታ ማለፍ አይሆንላትም፤ ሕመሙን ካልተካፈለችው ያጽናናችው አይመስላትም። ስለዚህ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እኔንም እኮ ወገቤን እንዲህ ያደርገኛል» አለቻት። ወገቧን አሟት አያውቅም፤ በቤታችን ከባድ ነገር የምታነሳው እሷ ናት፣ እኔን ጨምሮ። ልጅቷም ከልብ አመሰገነችና «ነባር ሕመም» ብላ መዘገበችው፤ ወገቧም ከሽፋኑ ወጣ። ለዚህ ቅልጥፍና እጅ እነሳለሁ።

2ኛ. ልናስተባብል ስንመለስ፣ የክፍል ኃላፊው ራሱን ሲወቅረው እንዳደረ ነገረን። ባለቤቴን በክርኔ ጎሸም ባደርጋትም አፏን አልቀደምኩትም፤ እሱንም «እኔንም ራሴን ያመኛል» ብላ አጽናናችው፤ ከወገቧ ቀጥሎ ራሷም ከሽፋኑ ወጣ። እኔ እጅጌና ኮሌታ የሌለው ኮት ሰፍቼ «ሙሉ ልብስ ነው» ብል ደንበኛዬ በመቀሴ ያባርረኛል፤ የእርስዎ ጥበብ ላይ ገና አልደረስኩም።

3ኛ. ጤነኛ መሆኗን በሐኪም አስመስክሩ ተባልን። ሐኪሙ ምንም የለባትም ብሎ ጻፈልን። ድርጅትዎም ምንም ከሌለባት ሐኪም ቤት ምን ወሰዳት ሲል በደብዳቤ ጠየቀን። የዚህን መልስ ስናፈላልግ፣ መድኑም ቪዛውም ሳይሰጠን ልጃችን ወለደች፤ የምታውቀው ሰው በሌለበት ክፍል፣ ብቻዋን። ባለቤቴ የልጅ ልጇን ልቅሶ በስልክ ሰማች። ስልኩን አስቀምጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው ስታዞር አይዞሽ ልላት ፈለግሁ፤ አባባሉን ግን አላወቅሁበትም፤ በቤታችን ይህ ሥራ የእሷ ነበርና። አንጀቴ አረረ፣ ክቡር ሆይ፤ ይህቺን አንዷን ያለ ምጸት ነው የጻፍኳት።

ስላነበቡልኝ ከነመርፌዬና ክሬ እያመሰገንኩ፣ ከወንበርዎ ሳይነሱ ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የ«ነባር በሽተኛዎ» ባል፣
ልብስ ሰፊው

ማስታወሻ፦ ባለቤቴ የመዝጋቢዋ ወገብ ተሻላት ወይ ብለህ ጠይቅልኝ ብላኛለች። የሚያሞቃት የሱፍ መታጠቂያም አሰፍታኝ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልካለች፤ ለልጅቷ ይስጡልን። ርኅራኄዋን ግን ነባር ሕመም ነው ብላችሁ እንዳትመዘግቡባት አደራ፤ ወደ ሰው እንደማይጋባ በድርጅትዎ አረጋግጠናል።