ለገነት ያሳመርኩት ድራማ

ሰኞ

የገነት ክንድ የተሰበረው ሁለት ቦታ ነው። ኢመርጀንሲ ያያት ሐኪም "ደረጃ ላይ ወድቄ ነው" ስትለው እኔን አየኝ። እኔም ጫማዬን አየሁ። ሁለታችንም የምንኖረው ምድር ቤት ነው፣ ጎን ለጎን። የምን ደረጃ?

ታደሰ ነው፣ ባሏ። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ስሰማው ከርሜያለሁ። ልጅ የላቸውም፣ እናቷም ያሉት አዲስ አበባ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዘመድ ብላ የያዘችው እኔን ነው። እኔ ቤት አስተኛኋት።

ነገ የምገዛው፦ የሕመም ኪኒን፣ ሰፊ እጅጌ ያለው ሸሚዝ፣ ለሾርባ አጥንት። (አጥንት! ስጽፈው ራሱ ዘገነነኝ።)

ማክሰኞ

ክንዷ ቢታሰርም ድራማችንን አላስቀረችም። ሺፍት ከመግባታችን በፊት ሁልጊዜ የእንግሊዞችን ነው የምናየው። እነሱ እንደኛው ናቸው፤ ኩሽናቸው ጠባብ፣ ጥርሳቸው የተንጋደደ፣ ጎረቤት ማማት የሚወዱ። እሷ እንግሊዝኛ አይገባኝም ስለምትል እኔ እተረጉምላታለሁ። የኔም ከማታ ትምህርት የተረፈች ናት፤ ያልገባኝ ቦታ ከራሴ እጨምራለሁ። ኮሜዲ ሲሆን በነሱ ሳይሆን በኔ ነበር የምትስቀው።

አሁን የያዝነው ግን የአንዲት ዳቦ ሻጭ ታሪክ ነው። ዛሬ ባሏ የሄደችበት ድረስ ተከትሏት ፊቷን ከጠረጴዛ ጋር አጋጫት። ገነት ድርቅ አለች።

"ምን አላት?" አለችኝ።

"ይቅርታ ጠየቃት" አልኳት።

ያላት "ትንፍሽ ብትዪ እገድልሻለሁ" ነው። ባለፈው ሳምንት ሴትዮዋ ሻንጣ ይዛ ስትወጣም "እናቷን ልትጠይቅ ነው፣ ትመለሳለች" ብያታለሁ። እንዳትከፋብኝ ብዬ እኮ ነው።

ረቡዕ

ሽማግሌዎች መጡ። ሦስት ናቸው፤ ጋሼ መኮንን ያን ሁሉ ትራፊክ ችለው ከወንዝ ማዶ፣ ከአሌክሳንድሪያ ከተማ ነድተው ነው የመጡት። ታደሰ ከኋላቸው ገብቶ እግሯ ላይ ወደቀ፣ አለቀሰ። ጋሼ መኮንን "ልጄ፣ ፖሊስ ቤት ያፈርሳል እንጂ አይሠራም። እኛ አለንልሽ" አሏትና ደህናውን እጇን እጁ ላይ አኖሩት።

ገነት ወደኔ ዞረች። "እትዬ ብርቄ፣ ያቺ ዳቦ ሻጭ ታርቃው ባሏ ሰው ሆነ አይደል?"

ሁሉም አፍ አፌን አዩኝ።

"አዎ" አልኩ። አዎ አልኩ! ታደሰ ራሱ ሻንጣዋን ተሸክሞላት ወጡ።

ዓርብ

ትናንት ለሥራ ስለባብስ ግድግዳው ጓ አለ። ደገመ። ከዚያ በሬ ተመታ። ገነት ናት፤ በባዶ እግሯ፣ አፏ ደም በደም፣ የክንዷ ጀሶ ተሰንጥቋል። አስገብቻት ቆልፌ ሳልጨርስ ታደሰ በሩን በእርግጫ ገነጠለው።

"አንቺ ነሽ በፊልምሽ ያበላሸሻት!" ብሎ ቴሌቪዥኔን አንስቶ ፈጠፈጠው። ፀጉሯን ይዞ ጎተታት፣ ጣላት፣ አንገቷ ላይ በጫማው ቆመ። ዓይኗ ነጭ ብቻ ሆነ። እኔ የበርበሬውን ዘነዘና አነሳሁ። ያሰብኩት ትከሻውን ነበር፤ ያገኘሁት ጆሮ ግንዱን ነው። ሲወድቅ የተሰማው ድምፅ እስካሁን አልለቀቀኝም።

ለፖሊስ፣ ዘጠኝ አንድ አንድ ደወልኩ። እንግሊዝኛዬን ሁሉ ረሳሁት፣ አድራሻዬ ራሱ ጠፋኝ። ገነት እያሳላት ስልኩን ተቀበለችኝና ሁሉንም ነገረቻቸው። በእንግሊዝኛ፣ ጥርት አድርጋ።

አልሞተም። ተሰፍቶ በካቴና ተወሰደ። ፖሊሷ የመታሽው ልትገድዪው አይደለም፣ እሷን ልታድኚ ነው አለችኝ፤ ግን ደግሞ መርማሪ ይደውልልሻል ብላለች። እስቲ።

እሑድ

በሩ አሁንም በገመድ ነው የታሰረው። ጋሼ መኮንን ብቻቸውን መጡ። ሳይቀመጡ፣ "ቤት አፈረስሽ፣ ብርቄ። ክሱን ታንሳ በያት" አሉኝ።

"ጋሼ፣ መጀመሪያ አንገቷን ይዩላት" አልኳቸው።

ገነት ሻርፗን ፈታች። የጫማው ሶል መስመር በመስመር ታትሟል። ኮፍያቸውን አውልቀው ተቀመጡ። ውሃ ሰጠኋቸው፣ አልጠጡም። "ይህን እጅ እኮ እጁ ላይ ያኖርኩት እኔ ነኝ" አሉ። ተነሥተው ሄዱ።

ከዚያ ተናዘዝኩላት። "ገነትዬ፣ ዳቦ ሻጯ አልታረቀችም። ጥላው ነው የሄደችው። ዋሽቼሻለሁ።"

"አውቃለሁ" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ሁሉንም። ሆቴል ክፍል ሳጸዳ ቀኑን ሙሉ የምሰማው እንግሊዝኛ አይደል? ያንቺ ትርጉም ስለሚጣፍጠኝ ነው ዝም ያልኩት።" "ረቡዕ ዕለት ግን የጠየቅኩሽ አይ እንድትዪኝ ነበር። አይ ብትዪ አልሄድም ነበር" አለች።



ስልኬን አነሳችና ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፋ ቀጣዩን ክፍል ከፈተች። አጠገቧ ያለውን ወንበር በእግሯ ገፋ አደረገችልኝ።

"ነይ ተቀመጪ" አለችኝ። "ዛሬ ግን አትተርጉሚልኝ።"