እትዬን ደጇ የሚያደርስ ጎማ

መስከረም 4 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ጧት

አሁንም መኪናዋ ሥር ነኝ። ተኝቼ ነው የማወራህ፣ ደብተር። እኔ እናገራለሁ፣ የልጄ ሚስት ሰናይት ትጽፋለች። መምህርት ናት፣ የጎንደር ልጅ። አሳምሪው አላልኳትም። እንዳልኩት ትጻፍ።

የመኪናዋ ሆድ ተፍቋል። አምና ለመስቀል ኦቾሎ፣ ተራራው ላይ ወዳለው አገራችን፣ ስንወጣ መሀል መንገድ ያለው ድንጋይ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች። ታላቅ እህቴ እትዬ አማረች ውስጥ ነበረች። ቤቷ ኦቾሎ ነው፤ እግሯ ከተሰበረ ወዲህ ግን አርባ ምንጭ እኔ ቤት ናት። በቃሬዛ እናውጣሽ ቢሏት እምቢ። "ቃሬዛ ላይ የምወጣው አንዴ ነው፤ ያኔም አላየውም" አለች። ተመለስን። መስቀልን ከተማ ዋለች፤ ፊቷን ወደ ተራራው አዙራ ዋለች።

ዘንድሮ ደጇ ላይ ካላወረድኳት ሾፌር አይደለሁም።

መስከረም 7

አራት ጎማ ተገኘ። ከሌላ ትልቅ መኪና የወጣ፣ ጥርሱ ያልተበላ። መኪናዋን ሁለት ጣት ከፍ ያደርጋታል። ድንጋዩን ለማለፍ ይበቃል።

መካኒኩ ታምራት፣ ባሌስትራውን፣ መኪናዋን የተሸከመውን የብረት ሞላ፣ ወደ ላይ ካላነሳን ጎማው ገላዋን ይነካል ይላል። አይነሳም አልኩ። ገደል ዳር ረጅም መኪና ትንገዳገዳለች። ደግሞ ከዚህ በላይ ከፍ ካለች እትዬ በምን ትሳፈራለች? በመሰላል?

እትዬ ጎማውን አየችው። ዶሮ የበሬ እግር ገጠመች አለች። ደስ ብሏታል፤ ደስ ሲላት ነው የምትሳደብ።

መስከረም 9

ገጠምን። ቀጥ ስትል ደህና። መሪውን ጥግ ድረስ ሳዞር ጎማው ፓራፋንጎውን፣ ከላዩ ያለውን ቆርቆሮ፣ ገጨ። ታምራት ጠርዙን ቆረጠው፣ የቀረውን በመዶሻ ወደ ውስጥ መታው። ጆሮዬን የቆረጠኝ ያህል ነው። ዞሬ ቆምኩ። መሪውን የሚገታውን ብሎንም አስተካከለ፤ እንደ ድሮው ጥግ ድረስ አትታጠፍም። ይሁን። ኩርባ ላይ ወደ ኋላ ብሎ እንደገና ማዞር ነውር አይደለም።

መስከረም 10፣ ከሰዓት

ደብተር፣ ዛሬ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሆኛለሁ። አባያ ዳር ወስጄ ሞከርኳት። ጭቃ ውስጥ ገባች፣ ወጣች። ቆጣሪው አርባ ሲል ባጃጆቹን እንደ ነፋስ አለፍኳቸው፤ ለካ ጎማ ሲተልቅ ቆጣሪው ፍጥነቱን አሳንሶ ነው የሚናገር። ፍሬኑ ይዘገያል። ዳገት ላይ ማርሽ ቀንሱልኝ ትላለች። በዚህ ዕድሜ እኔም እንደዚያው።

ወደ ማምሻው የአገር ሰው መጣ። ቅቤ፣ ጨው፣ በርበሬ፣ ቆርቆሮ። እቃውን ጫንልን፣ እኛንም ጫነን አለ። ለመስቀል የሚወጣ ሰው የዘመድ ጭነት እምቢ አይልም። እሺ አልኩ። ሁሉን እሺ። እንኳን እናንተን በሬም እጭናለሁ አልኩ።

መስከረም 15

ጉድ ሆንኩ። እቃውን ጫንን፣ ሰዎቹን አስቀመጥን። ባሌስትራው በክብደቱ ዝቅ አለ። የጋራዡ በር ላይ ያለችው ጉድጓድ ጋ ስትደርስ ጎማው ከፓራፋንጎው ጋር ተፋተገ። የተቃጠለ ጎማ ሸተተ። ባዶዋን ነበር የሞከርኳት! ለመስቀል ባዶውን የሚወጣ መኪና የት አገር አለ? ታምራት ጀርባውን ሰጥቶ ሳቀ።

ወይ ቃሌን ማጠፍ፣ ወይ እትዬን ማስቀረት። ቃሌን አጥፌ አላውቅም።

እትዬ ሰማች። አስጠራችኝ። "አንጁሎ፣ ጭነቱ የሰው እግር አለው። እግር ያጣሁ እኔ ነኝ።"

ቤት ለቤት ዞርኩ። እስከ ዳገቱ ሥር በአይሱዙ ኑ፣ ከዚያ በትከሻ አልኳቸው። ሞት ነበር የሚቀለኝ። ማንም አልተቀየመኝም። አንዱ ብቻ፣ ጋሼ፣ በሬውስ ቀረ ወይ አለኝ።

መስከረም 16፣ ኦቾሎ

ወጣች!

ሰዉ ጭነቱን ተሸክሞ "ዮ ማስቃላ" እያለ የበዓሉን ዘፈን ከፊት ከፊት ይዘፍናል። ጎንደሬዋ ሰናይትም ቅቤ ተሸክማ። መኪናው ውስጥ እኔና እትዬ ብቻ። ሙሽራ መስላለች። ኩርባው ላይ ሁለቴ ወደ ኋላ ብዬ እንደገና አዞርኩ፤ ሁለቴ ሰደበችኝ። ድንጋዩ ጋ ዘፈኑ ቆመ። በአንደኛ ማርሽ ገባሁ። ሆዷ አልነካም። እልልታው መንደሩን ሞላው።

ደጇ ላይ አወረድኳት። ምርኩዟን ይዛ ገባች። ምሰሶውን በእጇ ዳበሰችው። ጭስ ገባብኝ ብዬ ወደ ውጭ ወጣሁ። እሳት አልነደደም ነበር፤ ሰናይት፣ ይህንንም ጽፈሽዋል?

መስከረም 20

መውረጃችን ነው። እትዬን፣ እቃሽን ልጫን ብላት፣ አልወርድም አለች። የወንድማችን ልጅ ሚስት አለችልኝ፣ ውሃም እሷ ትቀዳልኛለች አለች። ተቆጣሁ። ሐኪሙስ? መድኃኒቱስ? ለዚህ ነው መኪናዬን ያስቆረጥኩት?

"ያመጣኸኝ ልትመልሰኝ ነው?"

ወጥቼ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእግሬ መታሁ።

ይኸው ወስኛለሁ። ትቀመጥ። መድኃኒቷን ይዤ ቅዳሜ ቅዳሜ እወጣለሁ። ጎማው አይወልቅም። ክረምት ሲገባ ጭቃውን እንዴት እንደማደርገው ከታምራት ጋር... ቆይ፣ እየጠራችኝ ነው። ሥጋው ቀርቧል፣ እኔን ነው የሚጠብቁት