ሦስተኛው ማርሽ

ጥር 6

ልብስ አጠብኩ። ገመድ ላይ ላሰጣ ስል ያቺ አሮጌ መኪና እንደ ሁልጊዜው መንገድ ዘግታብኝ... ዞሬ አለፍኩ። ሁለት ዓመት ግቢ ውስጥ ተገትራለች፤ የሹፌሩ ጉልበት ፍሪሲዮን መርገጥ እምቢ ካለ ወዲህ። ሹፌሩ ማለት ባሌ ነው። ጤና ጣቢያ ውስጥ እኔ አዋላጅ እሱ ሹፌር ሆነን ስንተዋወቅ ምላሴ ለመደው፣ በዚያው ቀረ።

ከሰዓት ልጃችን መጣ። ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። የመኪናችን፣ የ"በቅሎ" ፋብሪካ ተመልሶ ተከፍቷል። "በቅሎ" ብሎ ስም ያወጣላት ሰዉ ነው፤ ዳገት አይበግራትም ነበርና። አሁን አዲስ በቅሎ ወጥታለች አሉ። ደህና አሮጌ በቅሎ ያለው ካመጣ፣ ፋብሪካው መርጦ ለማሳያ ያስቀምጣትና በአዲስ ይለውጥለታል። አዲሷ ደግሞ ፍሪሲዮን የላትም።

"አባዬ መንዳት ይችላል ማለት ነው" አለ ልጄ።

ወዲያው "ትለወጥ" አልኩ። ሹፌሩስ? "እንዳልሽ።" በቃ። ይቺ "እንዳልሽ" የምትባል ነገር ስታናድደኝ...

ጥር 9

መስኮት ሥር ቁጭ ብሎ መንገደኛ ያያል። መንዳት ያቆመ ሹፌር ምን ይሠራል? ከመኪናዋ እኩል እየዛገብኝ ነው። ትለወጥ የምለው ለዚህ ነው እንጂ ለእኔ ምኔ ናት? ልጄ "እማ፣ ቅር ብሎታል" ይላል። ቅር ያለው ሰው አፍ የለውም እንዴ።

ጥር 13

ልሰናበታት ብዬ ውስጧን ጠረግኩ። እጄ ሳላዘው ካምቢዮው፣ ማርሽ መቀየሪያው ላይ ሄደ።

የመጀመሪያው ቀን... ምጥ የያዛት ሴት ዘንድ እየሄድን። ቁልቁለቱ ላይ ሦስተኛው ማርሽ ቀጭ ብሎ ወጣ። "እህቴ፣ እስቲ እጅሽን እዚህ ላይ። ካልተያዘ ይወጣል" አለኝ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ። ያዝኩ። መንገዱ ሲከፋ የሱም እጅ መጥቶ እጄ ላይ ተቀመጠ። ለማርሹ ነው ብዬ አላነሳሁም።

ስንጋባ ጓደኞቼ "ምን ብሎ ጠየቀሽ?" ቢሉኝ ወሬ ቀየርኩ። ምንም አላለማ።

በኋላ ጤና ጣቢያው ሲያስወግዳት እኛ ገዛናት። ልጅ ወልደን አሳደግን፣ ማርሹ እንደዚያው። ቁልቁለት በመጣ ቁጥር ግራ እጄ እዚያ፣ የሱ እላዩ ላይ። ናፈቀኝ፣ ምን ልዋሽ።

ጥር 20

ልጄ ጋራዥ አስገባት። ጤነኛ ካልሆነች አይቀበሉም ተብሏል።

ጥር 27

እሑድ። የበቅሎ ባለቤቶች ተሰበሰብን። ልጄ ነዳ፣ እኔ ከፊት፣ ሹፌሩ ከኋላ። ቁልቁለቱ ጋ እጄን ሰደድኩ። ማርሹ ንቅንቅ አላለም። "ተሠርቷል እኮ እማ፣ እጅሽን አሳርፊ" አለ። ምን ላይ ነው የማሳርፈው?

ሜዳው በቅሎ በበቅሎ ሆኗል። ሁሉም የሞተር ኮፈን ከፍቶ ያወራል። አንድ ሽማግሌ መሬት ቀያሽ ጅብ ሲከባቸው ጣሪያዋ ላይ እንዳደሩ ይምላሉ። ሁለት ዳቦ ጋጋሪ እህትማማቾች ደግሞ በሯ አልዘጋ እያለ እናታቸው በሻሽ አስረው ትምህርት ቤት ያደርሷቸው እንደነበር እየተናጠቁ አወሩ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ብልሽቷ ነበር።

ከፋብሪካው የመጣች አንዲት ወጣት ወደ እኔ ዞራ "እማማ፣ የእርስዎስ ትዝታ?" አለችኝ። እማማ መሆኔ ነው እንግዲህ። ሹፌሩን አየሁት። አላየኝም። "ብዙ ሰው አዋልደንባታል" ብዬ አለፍኩ።

አዲሷን ለሙከራ ሹፌሩ ነዳት፣ እኔ ከጎኑ። ሁለት ዓመት ያላየሁት ፈገግታ ፊቱ ላይ መጣ። ድምፅ የላት፣ መንገጫገጭ የላት። ቁልቁለት ስንጀምር እጄ ሄደ። ካምቢዮ የለም፤ መሃል ላይ የብርጭቆ ማስቀመጫ ነው። የሱም እጅ መጣ። ብርጭቆ ማስቀመጫው ውስጥ ተገናኘን። ቶሎ አነሳ።

መኪናችን ተመርጣለች። ሐሙስ ሊወስዷት ይመጣሉ። ደስ ሊለኝ ሲገባ...

ጥር 29

ትርፍ ጎማዋ ጋራዥ ቀርቶ ነበርና ላመጣ ሄድኩ። መካኒኩ የጥንት ሰዋችን ነው። "ያ ማርሽ እንዴት ተሠራ? አይሠራም አልነበር?" አልኩት።

ሳቀ። "እትዬ፣ ይቺን የምታህል ሞላ እኮ ናት" ብሎ የትንሿን ጣቱን ጫፍ አሳየኝ። "ደክማ ነው ማርሹን መያዝ ያቃታት። ልጃችሁ ሳይወለድ ነው ለጋሼ የነገርኳቸው። ቁጭ ይበሉ፣ አሁኑኑ ልቀይራት አልኳቸው። ተዋት አሉኝ። ለሌላ ሥራ በመጡ ቁጥር እጠይቃለሁ፣ እሷን አትንካብኝ ይላሉ። አሁንም ልጅዎ ባያመጣት ኖሮ..."

ጎማውን ረስቼ መጣሁ።

ጥር 30

ጠየቅኩት፣ ምሳ ላይ። "ሞላዋን ለምን አላስቀየርክም?"

ማንኪያውን አስቀመጠ። "እጅሽን ታነሺያለሽ ብዬ" አለ። ደግሞ፣ "ማርሹ ከተሠራ ምን ብዬ አስይዝሻለሁ?"

ይሄን ሁሉ ዘመን። "እጅሽን ስጪኝ ብትል ምን ነበረበት? አፍ የለህም?"

"የለኝም" አለ።

አለቀስኩ። እያለቀስኩም ሰደብኩት። ከዚያ ፋብሪካው ደውዬ አትምጡ አልኳቸው። ልጄ ራሱን ያዘ። እውነቱን ነው... የሹፌሩ ጉልበትስ? እንደገና መስኮት ሥር ሊቀመጥ? የእኔን ጉልበት አየሁት። ደህና ነው።

የካቲት 1

ሐሙስ። ማንም አልመጣም። ተመስገን።

የካቲት 14

ልጄ መንዳት እያስተማረኝ ነው፣ በዚህ ዕድሜዬ። ዛሬ አጥሩን ነካሁት። ሹፌሩ ከኋላ ሆኖ "ፍሪሲዮኑን ቀስ... ቀስ ብለሽ ልቀቂ" ይላል። አፍ አወጣ።

ሰኔ 11

መንጃ ፈቃዴ መጣ። ዛሬ ሁለታችን ብቻ ወጣን። እኔ መሪ ላይ፣ እሱ በእኔ ቦታ። መስኮቱን አውርዶ ለሚያውቀውም ለማያውቀውም ሰላምታ ሲሰጥ ዋለ። ቁልቁለቱ ላይ ሦስተኛ አስገባሁ። ጸጥ ብሎ ያዘ፣ አዲስ ሞላ ነው። እጄን ካምቢዮው ላይ ተውኩት። የሱ እጅ መጥቶ ያዘኝ።

"ማርሹ ደህና ነው እኮ" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ።

አልለቀቀኝም። ቤት ድረስ በሦስተኛ መጣን።