ዘፈንሽ ነጻ ወጥቷል

እህትዓለም፣

ሌባው ተያዘ! እየሳቅኩ ስለምጽፍ ፊደሌ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ።

ኮምፒውተራችን እንደ ወፍጮ የሚያጓራው በአንቺ ዘፈን ነው ብዬ ድምፅ ማጉያሽን ቆልፌብሽ፣ ሳምንት ሙሉ በዝምታ ስትሰፊ ከረምሽ አይደል? ዛሬ ጠዋት ከርነሉ፣ ማለትም ሥራ የሚያከፋፍለው የሲስተሙ አለቃ፣ የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ፕሮሰሰሩን፣ ማን ምን ያህል እንደያዘ የመዘገበውን ከፍቼ አየሁ። የአንቺ ዘፈን ከመቶ ሁለት! ከጀርባ ተደብቆ ዘጠና አራቱን የሚውጠው ማን ቢሆን ጥሩ ነው?

እኔው የጻፍኩት ፕሮግራም! አንድ ቀን ኮምፒውተሩ ቢዘገይብኝ፣ አንቺን እንዲያጋልጥልኝ ያቆምኩት ጠባቂ። በየደቂቃው አንዴ ቃኝተህ ተኛ ማለት ረስቼ፣ ያለ እረፍት "ማነው? ማነው?" ሲል ከረመ። ማጓራቱም የጀመረው ለካ ያን ቀን ነው። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ የሚሉት እኔን ነው።

አጥፍቼዋለሁ።
ሩዙ ምድጃው ላይ ነው፣ አሙቀሽ ብዪ።
ስትወጪ መስኮቱን ዝጊ።
ማክሰኞ ስለተናገርኩሽ ነገር...
ብቻ ሩዙን ብዪ።

ድምፅ ማጉያሽ ስፌት መኪናሽ ላይ ነው። ስመለስ ዘፈኑ ደረጃው ድረስ ካልተሰማኝ፣ እንዳልታረቅሽኝ አውቄ በሩ ላይ ቆሜ ራሴ እዘፍናለሁ።
ድምፄን ደግሞ ታውቂዋለሽ።